አባይ ሜትር

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይሄድም። ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ በታች የተደረደሩትን ሣጥኖች፣ መርፌ ያላቸውን፣ ማዞሪያ የበዛባቸውን፣ አንዳንዶቹም እንደ ዓይን ክብ መስታወት የተገጠመላቸውን ዕቃዎች አየት ያደርግና፣ ‹‹እነዚህ ምን ይሠራሉ?›› ይላል። ‹‹ይለካሉ›› እላለሁ። ‹‹ምን?›› ‹‹ኤሌክትሪክ።›› ጥቂት ዝም ይልና፣ ‹‹ዛሬም ይሠራሉ?›› ሲል ያክላል። እኔም የምቸገረው እዚች ላይ ነው። መርፌዎቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። የመርፌ መንቀሳቀስና መሥራት ግን አንድ አለመሆናቸውን የተማርኩት በሰው ንብረት ነው።

ዕቃዎቹ ይህን ያህል ዋጋ የሚያወጡ አይደሉም። ገሚሱን አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ከመርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከዛገ ብረትና ከተፈታታ ሞተር መካከል እየለቀምኩ ያመጣሁት ነው፤ በኪሎ ተመዝኖ የተሸጠልኝ ኦሲሎስኮፕ ሁሉ አለ። መለኪያ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲመዘን ማየት መቼም የሚያስቅ ነገር ነው። ገሚሱ ግን ከአጎቴ የወረስኩት ነው። አጎቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮ ጠግኗል። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ወጋየሁ ንጋቱ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን በሬዲዮ ሲተርክ፣ ታሪኩ የእኛው አገር ታሪክ ነውና፣ ድንጋይ የጨረሰውም ሬዲዮው የታመመበትም ሱቁን አጨናንቋት እንደነበር አጎቴ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ሰዉ ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ይመጣል። አጎቴ ጀርባውን በካቻቢቴ ይከፍታል፤ ከዚያ ያን ጥቁር ሣጥን ከመደርደሪያው ላይ ያወርዳል።

ጥቁሩ ሣጥን አቮሜትር ነው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ማንኛውንም መለኪያ በዚህ ስም ይጥራው እንጂ፣ ስሙ መጀመሪያ የአንድ የእንግሊዝ ምርት ስም ነበር፤ አምፒር፣ ቮልትና ኦም የሚሉት ሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎቻቸውን አዋጥተው የሠሩት ስም። ዶናልድ ማካዲ የተባለ የእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ለእያንዳንዱ ልክ የተለያየ መሣሪያ ተሸክሞ መዞር ቢታክተው፣ ሁሉንም በአንድ ሣጥን አጠቃለለው። የመጀመሪያው አቮሜትር እ.ኤ.አ. በ1923 ለገበያ ቀረበ። የአጎቴ ‹‹ሞዴል 8›› የሚባለው ነው፤ ይህ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ1951 ወጥቶ እስከ 2008 ድረስ ሲመረት ኖሯል። ለአንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሃምሳ ሰባት ዓመት ማለት የማቱሳላ ዕድሜ ነው።

እንዲህ የከረመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመርፌዋ ሥር ቀጭን መስታወት ተነጥፏል። ዓይንህን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካዘነበልክ መርፌዋንም በመስታወቱ ውስጥ ያለችውን ጥላዋንም፣ ሁለቱንም ታያለህ፤ ያን ጊዜ የምታነበው ቁጥር ትክክል አይደለም። መርፌዋ የገዛ ምስሏን ስትሸፍነውና አንዲት ብቻ ሆና ስትታይህ፣ ያኔ ዓይንህ በቦታው ነው። ደግሞም ከአቅሙ በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ ቢገባበት ቷ ብሎ የሚዘል ቁልፍ አለው፤ መንገዱን ይቆርጥና ራሱን ከመቃጠል ያድናል። ልብ በሉ፤ የሚያድነው ራሱን ነው።

አሥር ዓመት ሳይሞላኝ የመርፌዋን ቁጥር ማንበብ ለመድኩ። አንድ ቀን አጎቴ የሱቁን መብራት ሲለካ እኔ በመስታወቱ ላይ አጎንብሼ፣ ‹‹ጋሼ፣ 210 ይላል›› አልኩት። እሱ ሳያይ፣ ‹‹220 ነው›› አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ‹‹210 ነው የሚለው!›› ብዬ ብከራከር ሳቀና፣ ‹‹እሱ ይበል፤ እኔ አውቃለሁ›› አለኝ። የልጅነት አእምሮዬ ነገሩን ወዲያው ደመደመው፤ አጎቴ ዓይኑ ደክሟል፣ ለማመን ግን ኮርቷል አልኩ። ይህን ቃሉን ረስቼው ኖሬያለሁ። እሱም አረፈ፤ ሣጥኑም እኔ ዘንድ መጣ።

ወደ ነገሬ ልግባ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሰፈራችን መብራት በየማታው ይሄድ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ሴት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በረንዳቸው ላይ ለስላሳና ቢራ እየሸጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። በዚያ ዓመት ዕቁብ ደርሷቸው ፍሪጅ ገዙ። ፍሪጁ ከገባ በኋላ መብራቱ አላስተማምን ስላላቸው ከአንድ ሰው ያገለገለ ጄኔሬተር ጨመሩ። የጄኔሬተሩ ሜትር መስታወቱ ተሰብሮ፣ መርፌው ወልቆ ነበርና፣ ‹‹እስቲ ያን የአጎትህን ዕቃ ይዘኸው ና፤ ልኩን አድርግልኝ›› አሉኝ። በኩራት ሄድኩ። እንዲህ ያለው ጥሪ ለአንድ ሰብሳቢ ምን ማለት እንደሆነ ሰብሳቢ ብቻ ያውቀዋል፤ ሰው የሚስቅበት ጥርቅም አንድ ቀን ተፈለገ ማለት ነው።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ሜትሩን በአግባቡ አጋድሜ፣ ዓይኔን ከመስታወቱ አስተካክዬ፣ የቮልቴጅ ማስተካከያውን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ። መርፌዋ ከ190 ተነሥታ 220 ላይ ቆመች።

‹‹ስንት ይላል?›› አሉ እትዬ።

‹‹220፤ ልክ ነው።››

በረንዳው ላይ የተሰቀለውን አምፖል ቀና ብለው አዩና፣ ‹‹ከወትሮው አልደመቀም እንዴ?›› አሉ።

‹‹ጄኔሬተር እንዲህ ነው›› አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ፍሪጁ ዝም አለ። የመጣው ጠጋኝ ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ነው የበላው ብሎ ሄደ። እትዬ ግን ለሰው ሁሉ የሚናገሩት ሌላ ነበር። ‹‹ዕድሌ ነው፤ ከገባ ጀምሮ ዓይን በዝቶበት ነበር›› ይላሉ። እኔ ‹‹ከመጠን ያለፈ›› የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ሁለት ዲጂታል ሜትር ተዋስኩና ቤቴ ገብቼ ሦስቱን ጎን ለጎን አንድ ሶኬት ላይ አዋልኳቸው። አንዱ 224 አለ፤ ሌላው 225። የአጎቴ አቮሜትር 194።

አሁን በዚህ ልክ ሂሳቡን ሥሩት። እኔ 220 ያልኩት የእትዬ ጄኔሬተር 254 ነበር።

ጀርባውን ፈታሁት። ከውስጥ፣ ከክዳኑ ጋር የተጣበቀች የደብተር ቁራጭ አገኘሁ። የአጎቴ የእርሳስ ጽሕፈት ነው፦ ‹‹ሐምሌ 1979። 220 ሲል 231። እየባሰ ነው።››

ለካ አጎቴ ዓይኑ አልደከመም ነበር። ያነበበውን በራሱ ውስጥ እያረመ፣ እውነተኛውን ቁጥር ብቻ በአፉ ያወጣ ነበር። እንዲህ ያሉ ሜትሮች ሲያረጁ ምን እንደሚሆኑ ኋላ ላይ ገባኝ። መርፌዋን የሚያዞረው ማግኔት ከዓመታት ጋር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከውስጥ ያሉት ሬዚስተሮች ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው መጠናቸው ይጨምራል። ሁለቱም የሚጎትቱት ወደ አንድ ወገን ነው፤ ሜትሩ ካለው አሳንሶ ይናገራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሜትር እውነት ግን እያደር ይደፈርሳል፤ ደግሞ ሲደፈርስ ምንም ምልክት አይሰጥም። መርፌዋ ያው ቀጥ ያለች መርፌ ናት፤ መስታወቱም ያው ጥሩ መስታወት ነው። እኔም ያን ማታ በመስታወቱ ላይ አጎንብሼ ዓይኔን በትክክለኛው ቦታ አድርጌ ነበር ውሸቱን ያነበብኩት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ዋሽቼ ነበር ወይስ ተሳስቼ? በአገራችን አነጋገር አባይ ሚዛን የሚባለው ባለቤቱ እያወቀ የሚያጭበረብርበት ሚዛን ነው። (ዓባይን ሳይሻገር አዲስ አበባ የማይገባ የማርቆስ ሰው ስለ አባይ ሲያወራ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው።) እኔ አላወቅሁም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። እትዬ የጠየቁኝ ግን ‹‹ስንት ይላል?›› ብለው ነው፤ እኔ የመለስኩት ሁለት ነገር ነው። ‹‹220›› አልኩ፤ ይህ የሜትሩ ቃል ነው። ‹‹ልክ ነው›› አልኩ፤ ይህ የእኔ ነው። ሁለተኛውን ማንም አላስገደደኝም።

ዊልያም ክሊፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር በጻፈው ጽሑፍ አንድ የመርከብ ባለቤት ያመጣል። መርከቡ አርጅታለች፤ ትታደስ ይሆን የሚል ሐሳብ በልቡ ሽው ይላል። ግን ስንት ማዕበል አልፋ የለ፣ ደግሞስ ወደ ሌላ አገር የሚሰደዱትን እነዚህን ቤተሰቦች እግዚአብሔር አይጠብቃቸውም ወይ እያለ ጥርጣሬውን አባብሎ ያስተኛዋል። በንጹሕ ልብ አምኖ መርከቢቱን ይሸኛታል፤ ባሕር መካከል ስትሰምጥም የኢንሹራንሱን ገንዘብ ይቀበላል። ክሊፎርድ ይህ ሰው ለሞቱት ሰዎች በደም ይጠየቃል ባይ ነው። ያመነው ከልቡ መሆኑ አያድነውም፤ እንዲያምን የሚያበቃው ማስረጃ አልነበረውምና። አልፎም ይሄዳል፤ መርከቢቱ በደኅና ብትደርስ እንኳ ሰውየው ያው በደለኛ ነው ይላል፤ አልተያዘም ማለት ብቻ ነው።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጀመሪያ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። ባለ መርከቡ ጥርጣሬ ነበረው፤ እኔ አልነበረኝም አልኩ። ግን እውነት አልነበረኝም? አምፖሉስ? ባለ ክሩ አምፖል ቮልቴጁ ከመቶ አሥር ቢጨምር ብርሃኑ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል። በዚያ በረንዳ ላይ ከእኔ ሜትር የተሻለ መለኪያ ተሰቅሎ ነበር፤ በትክክል ያነበቡትም እትዬ ነበሩ። ቁጥር ስላልነበረው አላከበርኩትም። ጋዜጠኝነት ስማር ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ አንድ ምንጭ ምንጭ አይደለም የሚል ነበር፤ ሁለተኛዋ ምንጭ አጠገቤ ቆማ ስትናገር ‹‹ጄኔሬተር እንዲህ ነው›› ብዬ አፏን ዘጋሁ።

ያም ሆነ ይህ፣ እስከዚህ ያለውን ስሕተት ልበለው። ቀጥሎ ያደረግሁት ግን ስሕተት አይደለም። ዲጂታሉን ሜትር ከካፖርቴ ውስጥ ደብቄ፣ ‹‹የጄኔሬተሩን ዘይት ልየው›› በሚል ሰበብ እትዬ ቤት ሄድኩ። እሳቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ ቮልቴጁን አውርጄ ትክክለኛው 220 ላይ አደረስኩት። ሲመለሱ አምፖሉን አዩና፣ ‹‹ዛሬ ደግሞ ደበዘዘ›› አሉ። ‹‹ነዳጁ ይሆናል›› አልኩ። ቁጥሩን አረምኩ፤ ቃሌን ግን አላረምኩም። ‹‹ልክ ነው›› ያልኩ ቀን ተሳስቻለሁ፤ ‹‹ነዳጁ ይሆናል›› ያልኩ ቀን ዋሽቻለሁ። በሁለቱ መካከል የተለወጠ ነገር ቢኖር በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ማንበቤ ነው።

በዚያ ሰሞን ሌሊት እየተነሣሁ የማስበው ስለ አጎቴ ነበር። ቂምም ነበረኝ። ለምን ከውስጥ ለጠፈው? ከፊት ለፊት ለጥፎት ቢሆን ኖሮ እኮ እኔም አልሳሳትም፤ ፍሪጁም አይቃጠልም። ግን በእሱ ቦታ ሆኜ ሳየው ነገሩ ቀላል አይደለም። የጠጋኝ ሀብቱ ቃሉ ነው። ‹‹የእገሌ ሜትር አባይ ነው›› ከተባለ ሱቁን መዝጋት ነበረበት። ደግሞም ለደንበኞቹ አንድ ቀን የውሸት ቁጥር አልነገራቸውም፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ጠማማ ሜትር ከማይታወቅ ቀጥ ያለ ሜትር ይሻላል። የከተማው ሌሎች ጠጋኞች እንኳ የየራሳቸውን መለኪያ ይዘው እየመጡ ከእሱ ጋር ያስተያዩ ነበር። የሚያስተያዩት በእርግጥ ከሜትሩ ጋር ሳይሆን ከአጎቴ ራስ ጋር ነበር። ችግሩ ራሱ ከእሱ ጋር ተቀበረ። ሣጥኑ ብቻ ተረፈ። አጎቴ በሕይወቱ ሳለ አልዋሸም፤ ሞቶ ግን በእኔ አፍ ዋሸ። ለልጅ የሚተላለፍን ነገር እርማቱን አስቀርቶ ማውረስ በደል ነው ወይ ብትሉኝ፣ አዎን ነው እላለሁ፤ በደሉ ግን ትንሽ ነው፤ የእኔ ይበልጣል።

በሐምሌ 1979ስ ቢሆን እሱ እንዴት አወቀ? ከሌላ አዲስ ሜትር ጋር አስተያይቶ መሆን አለበት። ያ ሌላው ሜትርስ ትክክል መሆኑን ማን መሰከረለት? ነገሩን ወደ ኋላ ከገፋነው መጨረሻ ያለው አይመስልም። በክንድ ጨርቅ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ገዢው ረጅም እጅ ያለውን ዘመዱን ይዞ ገበያ መውጣት ይችል ነበር፤ እህል በቁና ሲሰፈርም ተከምሮ ነው ወይስ አፉ ድረስ የሚለው ክርክር አያልቅም። ኪሎና ሜትር ሲመጡ ይህ ሁሉ ያበቃ ይመስለናል። እነሱም ግን እንደኛው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1889 እስከ 2019 ድረስ ኪሎ ግራም ማለት ፓሪስ አጠገብ ሴቭር በሚባል ቦታ በመስታወት ክዳኖች ሥር የተቀመጠ፣ ከፕላቲኒየምና ኢሪዲየም የተሠራ አንድ ትንሽ ብረት ነበር። ከቅጂዎቹ ጋር ሲያመዛዝኑት በመቶ ዓመት ውስጥ 50 ማይክሮ ግራም ያህል ተለያይተው ተገኙ። ማን ቀነሰ፣ ማን ጨመረ? ማንም ሊናገር አይችልም። ሕጉ እንደሚለው ከሆነ ያ ብረት ሊሳሳት አይችልም፤ የተለወጠው የቀረው ዓለም ነው። ፈላስፋው ዊትገንስታይን ፓሪስ ስለሚገኘው የሜትር ዘንግ ሲናገር፣ አንድ ሜትር ነውም አይደለምም ሊባል የማይችል አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው ያለው ይህንኑ አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2019 ብረቱ ከሥልጣን ወረደ፤ ኪሎ ግራም ከዚያ ወዲህ የሚሰላው ከማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር ነው። ቮልትም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1893 የፈለሰፈው፣ 1.0183 ቮልት የሚሰጥ የመስታወት ባትሪ ለረጅም ዘመን የዓለም ምስክር ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ለሰብሳቢዎች ጌጥ ነው።

ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ሰንሰለት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ለመምህሩ ነግሮ ሳይታረም ቅኔዬ ሞላ አይልም። መምህሩም ከመሬት አልበቀሉም፤ ከእገሌ ተማሩ፣ እገሌም ከእገሌ እየተባለ ሐረጋቸው ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ዋሸራ ቤት፣ ጎንጅ ቤት እየተባለም ወገናቸው ይለያል። የመለኪያ ሰዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ይህ ሜትር በማን ታረመ? ያረመውስ? በአገራችን ለዚህ ሥራ በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የተባለ መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል። አጎቴ ግን ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በዓባይ በረሃ ማዶ፣ አንድ እርሳስና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዞ የሰንሰለቱ መጨረሻ ሆኖ ተቀምጦ ነበር።

ጥቅምት 2010 ላይ፣ ፍሪጁ ከተቃጠለ ከአርባ ቀን በላይ ቆይቼ፣ ሜትሩንና ወረቀቷን ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዘይት ላይ ብዬ መግባቴንም ጭምር። እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው ሰሙኝ።

‹‹ያን ዕለት ደመቀ ብዬህ አልነበረም?›› አሉ።

‹‹ብለውኛል።››

‹‹እኔን ትተህ እሱን ሰማህ›› አሉና ሣጥኑን በአገጫቸው አመለከቱ። ከዚያ ወደ ገንዘቡ ገባን። የኮምፕሬሰሩን ዋጋ እሳቸው ናቸው የፈረዱት፤ ‹‹ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የዕድሌ›› አሉ። ሙሉውን ልክፈል ብዬ ብለምናቸው እንቢ አሉ። በአራት ወር ከፍዬ ጨረስኩ።

ግን ያልተከፈለ አንድ ነገር አለ። ዓይን በዝቶበት ነበር ሲሉ የነበረው በጥቅሉ አልነበረም። ፍሪጁ የገባ ዕለት ‹‹እሰይ፣ እንዴት ያምራል!›› ብለው ያደነቁ አንዲት ጎረቤታቸው ነበሩ፤ እትዬ በልባቸው እሳቸውን ይዘው ነበር። እኔ ዝም ባልኩበት በዚያ አርባ ቀን ነገሩ ከአፍ ወጣ፤ ሴቶቹ ተኳረፉ። እውነቱን ከነገርኳቸው በኋላ እትዬ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። ሰላምታ አለ። ቡና ግን ከዚያ ወዲህ ሲጠራሩ አላየሁም። ክሊፎርድ ስለ ባለ መርከቡ እንጂ መርከቢቱ ከሰመጠች በኋላ በወደብ ሰዎች መካከል ስለሚነሣው ሐሜት አልጻፈም። እኔ ቀርቼበት የነበረው ቦታ ባዶ አልቆየም፤ ሌላ ሰው ተከሶ ሞላበት።

ሜትሩን ምን አደረግኸው ለምትሉ፤ እንደ እኔ ዓይነት ሰዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ያረጀውን ሬዚስተር አውጥቶ በአዲስ ተክቶ፣ ማግኔቱን አድሶ ሥራ ላይ ማዋል ነው ይላል። ሌላው አንድም ነገር አትንካ፣ ከፋብሪካ በወጣበት ልኩ ይቀመጥ ይላል። ሁለተኛው ወገን ከፋብሪካ የወጣበት ልክ ራሱ ከውስጡ መጥፋቱን የዘነጋ ይመስለኛል። ሆኖም መጠገን እየቻልኩ አልጠገንኩትም፤ ምክንያቴ የቅርስ ፍቅር አይደለም። ብጠግነው ለጥቂት ዓመት ትክክል ይሆንና እኔም እንደገና ማመን እጀምራለሁ። ስለዚህ የአጎቴን ወረቀት ከውስጥ አውጥቼ ፊቱ ላይ፣ ከመስታወቱ አጠገብ ለጠፍኳት። ከሥሯ ‹‹ጥቅምት 2010። 220 ሲል 254›› ብዬ ጨመርኩ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከሁለት ሜትር ጋር አስተያየዋለሁ፤ ወረቀቷ ሞልታ ሁለተኛ ቀጥያለሁ። ሁለቱ ዲጂታሎችም በአራት ዓመታቸው እርስ በርሳቸው በሦስት ቮልት ተለያይተዋል። አንድ ሰብሳቢ ወዳጄ አይቶት፣ እንዲህ ያለውን የሚያምር ፊት በወረቀት አበላሸኸው ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር።

እትዬ አሁንም አልፎ አልፎ ጄኔሬተሩን እንድለካላቸው ያስጠሩኛል። ዲጂታል ሜትር ያለው ጎረቤት ሞልቶ ሳለ ለምን እኔን እንደሚያስጠሩ አልጠየቅኋቸውም። ሣጥኑን በረንዳው ላይ አጋድማለሁ። እሳቸው አጠገቤ ይቆሙና መጀመሪያ አምፖሉን ያያሉ።

‹‹ስንት ይላል?›› ይሉኛል።

እነግራቸዋለሁ።

‹‹ስንትስ ነው?››